የሊፍት ካቢን የት እንዳለ ማወቅ፦ ከደብረ ብርሃን የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ሕንፃው ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ ጂ+5 ነው። ሊፍቱ 6 ማቆሚያ አለው፤ 630 ኪሎ ይጭናል፤ ፍጥነቱ 1 ሜትር በሰከንድ። ሞተሩ ጊርለስ (ያለ ማርሽ)፣ ገመዱ 2 ለ 1 የተሰቀለ (ገመዱ ሁለት ሜትር ሲሄድ ካቢኑ አንድ ሜትር)፣ የሞተሩ ፑሊ (ገመዱን የሚያዞረው ጎማ) ዲያሜትር 400 ሚሜ። ከምድር ቤት እስከ አንደኛ ፎቅ 4.0 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ያሉት እያንዳንዳቸው 3.2 ሜትር፣ ጠቅላላ ጉዞው 16.8 ሜትር ነው።

ቅሬታው፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሊፍቱ ፎቁን ይስታል። ማሳያው 3 እያለ በሩ 4ኛ ላይ ይከፈታል። አንዳንዴም ወደ 5ኛ ሲላክ ፎቁን አልፎ የላይኛውን ሊሚት ሱዊች (የጉዞ ጫፍ ማቆሚያ) ይመታና ይቆማል። ነባሩ አሠራር ቀላል ነው፤ ካቢኑ ላይ አንድ ሪድ ሱዊች (ማግኔት ሲቀርበው የሚዘጋ ማብሪያ)፣ በየፎቁ አንድ ማግኔት። ካቢኑ ሲወጣ ማግኔት ባለፈ ቁጥር አንድ ይደምራል፣ ሲወርድ አንድ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ጫፍ እስኪነካ ድረስ እንደተሳሳተ ይሄዳል።

ሥራው ሳይጀመር የተወሰነ ነገር አለ። የሴፍቲ ሰንሰለቱ (የበር ቁልፎች፣ ከልክ ያለፈ ፍጥነትን የሚይዘው ገቨርነር፣ የጫፉ መጨረሻ ሱዊች ፋይናል ሊሚት፣ የጉድጓዱ ታች ማቆሚያ የፒት ስቶፕ) እንዳለ ይቆያል፤ በፒኤልሲ (ፕሮግራም የሚጻፍለት መቆጣጠሪያ) ፕሮግራም ውስጥ አያልፍም። አዲሱ ሥራ ካቢኑ የት እንዳለ ለኮንትሮለሩ መናገር ብቻ ነው። የፖዚሽን ሴንሰር ፋይናል ሊሚትን አይተካም።

ሳምንት 1፦ ነባሩን መፈተሽ

ጥፋቱ የመብራት መቋረጥ ብቻ እንዳልሆነ መጀመሪያ ቀን ታየ። ከሪድ ሱዊቹ ጋር ባለ 24 ቮልት ኤልኢዲ በተከታታይ ታስሮ በኢንስፔክሽን (የጥገና ዝግታ) ፍጥነት እያንዳንዱ ማግኔት ታለፈ። አራቱ ፎቆች ላይ ኤልኢዲው አንድ ጊዜ በርቶ ጠፋ። 2ኛ እና 4ኛ ላይ ግን ሦስት ጊዜ በራ፤ ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ፣ እንደገና ለአጭር ጊዜ።

ምክንያቱ የማግኔቱ አቀማመጥ ነው። ዘንግ ማግኔት ከሪድ ሱዊቹ ጋር ትይዩ ሆኖ በርዝመቱ አቅጣጫ ሲያልፍ፣ መሐል ላይ ካለው ትልቁ የመዝጊያ ዞን ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ዞኖች አሉ። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ትናንሾቹ ሱዊቹን የመዝጋት አቅም የላቸውም። ክፍተቱ ሲጠብ ግን ይዘጉታል። ሲገጠም 15 ሚሜ የነበረው ክፍተት አሁን 2ኛ ላይ 6 ሚሜ ሆኖ ተገኘ፤ የጋይድ ሹው (ካቢኑን በሐዲዱ ላይ የሚይዘው) ፕላስቲክ አልቆ ካቢኑ ወደ አንድ ጎን ተጠግቷል። ጭነት ወደ በሩ ሲጠጋ ደግሞ ይብሳል። አንድ ማግኔት ሦስት ተብሎ የሚቆጠረው ስለዚህ ነው፤ ሁልጊዜ ስለማይሆንም ማንም አላገኘውም።

የሹው ፕላስቲኮቹ አራቱም ተቀየሩ። ይህ ሳይቀየር የትኛውንም ሴንሰር መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ከተቀየሩ በኋላ ካቢኑ ወደ ጎን የሚወዛወዘው ከ4 ሚሜ አይበልጥም።

ሳምንት 2፦ በቀላሉ የሚገኙትን መሞከር

ገመድና ቬን (በየፎቁ የሚተከል ምልክት ላሜራ) ሳይነካ ርቀትን በቀጥታ የሚለካ ነገር ቢገኝ ሥራው ይቀል ነበር። ሦስት ዓይነት ታዩ።

አልትራሶኒክ ወዲያው ወደቀ። ርካሹ ኤችሲ-ኤስአር04 የሚደርሰው 4 ሜትር ገደማ ነው። ረጅም የሚያይ ቢገኝ እንኳ ሞገዱ እየሰፋ ስለሚሄድ ከካቢኑ በፊት የጋይድ ሬል (የካቢኑ ሐዲድ) ብራኬት ይመልሰዋል። ሌላው ሙቀት ነው። የድምፅ ፍጥነት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.6 ሜትር በሰከንድ ይለወጣል። እዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ ውርጭ ይጠጋል፣ ቀኑ 20 ዲግሪ ይደርሳል። ያ የ3 በመቶ ልዩነት ነው፤ በ16 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ይሆናል።

ሌዘር፦ ፒት ውስጥ ተተክሎ የካቢኑን ሆድ ወደ ላይ የሚያይ። ገበያ ላይ በመጠነኛ ዋጋ የሚገኙት ትናንሾቹ 8 ወይም 12 ሜትር ድረስ ያያሉ፤ የሚፈለገው ከ17 ሜትር በላይ ነው። ረጅም የሚያዩት የኢንዱስትሪ ሌዘሮች ሚሊሜትር ድረስ ይለካሉ፤ ዋጋቸው ግን ከቀረው ዕቃ ሁሉ ይበልጣል። ደግሞም ወደ ላይ የሚያይ ሌንስ ፒት ውስጥ አቧራ ይሰበስባል። ተተወ።

የአየር ግፊት ሴንሰር ትንሽ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ሜትር የሚለወጠው ግፊት 8.5 ፓስካል ገደማ ብቻ ነው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ግን 12 ነው። ስለዚህ በዳታሺቱ ላይ ለባሕር ወለል የተጻፈው የከፍታ ትክክለኛነት እዚህ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። አንድ ፎቅ 27 ፓስካል ስለሚሆን ፎቅ ከፎቅ ለመለየት ይበቃል። ነገር ግን ግፊቱ ራሱ ቀን ሙሉ ይንቀሳቀሳል፤ በኛ አካባቢ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፣ በመካከሉ ይወርዳል። የ1 ሄክቶፓስካል ለውጥ 12 ሜትር ያህል ስህተት ነው። ማሽን ሩም ውስጥ ሁለተኛ ሴንሰር አስቀምጦ ልዩነቱን ማንበብ ይህን ያስተካክላል፤ ሆኖም ነፋስ ሲነሳና የታች በር ሲከፈት ንባቡ ከሜትር በላይ ይዘላል። ፎቅ ላይ ለማቆም የሚፈለገው 10 ሚሜ ነው። ለመረጃ መሰብሰቢያ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም።

ስለዚህ ወደ ታወቀው መንገድ ተመለስን፦ ኢንኮደር (መዞርን በፐልስ የሚነግር) ለርቀት፣ በየፎቁ ምልክት ለማረጋገጫ፣ ጫፎቹ ላይ ሜካኒካል ሱዊች።

ሳምንት 3፦ ኢንኮደር

ሞተሩ ላይ ለኢንቨርተሩ (የሞተሩን ፍጥነት ለሚቆጣጠረው) የተገጠመ ባለ 1024 ፐልስ ኢንኮደር አለ። ሌላ መግዛት አላስፈለገም። ገቨርነሩ ላይ ሁለተኛ ኢንኮደር መግጠም ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አምራቹ ለኢንኮደር ያዘጋጀው ዘንግ ስለሌለው ተተወ። ገቨርነር የሴፍቲ ዕቃ ነው፤ አይበሳም፣ አይበየድም። ምልክቱ የተወሰደው ከኢንቨርተሩ ፒጂ ካርድ (ኢንኮደሩን የሚያነበው) ማውጫ ነው። የኢንኮደሩን ሽቦ በቀጥታ ለሁለት መክፈል ምልክቱን ያደክማልና አይደረግም።

ስሌቱ፦ የፑሊው ዙሪያ 1256.6 ሚሜ። ገመዱ 2 ለ 1 ስለሆነ ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር ካቢኑ 628.3 ሚሜ ይሄዳል። 1024 ፐልስ በአራት ተባዝቶ 4096 ቆጠራ፤ አንዱ ቆጠራ 0.153 ሚሜ። ጠቅላላ ጉዞው 109,500 ቆጠራ ገደማ ነው። በሙሉ ፍጥነት በአንድ ቻናል 1,600 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ተራ የፒኤልሲ ኢንፑት ይህን አይቆጥርም፤ ፕሮግራሙ አንዴ እስኪዞር 10 ሚሊሰከንድ ቢወስድ በመካከሉ 16 ፐልስ ያልፋል። ሃይ ስፒድ ካውንተር ያለው ፒኤልሲ ግዴታ ነው። ሲገዙ ሁለቱንም ቻናል (ኤ እና ቢ) በአራት እጥፍ የሚቆጥር መሆኑን ማየት፤ አንዳንዱ አንድ ቻናል ብቻ ይቆጥርና አቅጣጫ አያውቅም።

የመጀመሪያው ሙከራ ጥሩ አልነበረም። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ደጋግሞ ከሄደ በኋላ ምድር ቤት ላይ ቆጠራው ዜሮ አይሆንም፤ አንዴ 5 ሚሜ፣ አንዴ 40 ሚሜ ይስታል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለተደባለቁ መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። መለያው ሥርዓት የሌለው መሆኑ ነው፤ አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ይቀንሳል፣ ጭነት አይመርጥም። የፒጂ ካርዱ ሽቦ ከሞተሩ የኃይል ኬብል ጋር በአንድ ትራንኪንግ ውስጥ አብሮ ታስሮ ነበር። ተለይቶ በ30 ሴሜ ርቀት ሄደ። ሽቦው በተጣመመ ጥንድና ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል ሽፋን) ባለው ተቀየረ። የሞተሩ ኬብል ሺልድ በሁለቱም ጫፍ በክላምፕ መሬት ተደረገ፤ የተጣመመ ጅራት ሠርቶ በአንድ ቡሎን ማሰር ለኢንቨርተር ረብሻ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ከዚህ በኋላ 40 ሚሜው ጠፋ።

ሁለተኛው ግን ቀረ፤ መቅረትም አለበት። ባዶ ካቢን ወጥቶ ሲወርድ በእያንዳንዱ ደርሶ መልስ ከ3 እስከ 4 ሚሜ ይስታል፤ ሁልጊዜም በአንድ አቅጣጫ፣ ካቢኑ ቆጠራው ከሚለው በላይ ሆኖ። ይህ የገመድ ክሪፕ ነው። ካቢኑ ባዶ ሲሆን የካውንተርዌቱ (ካቢኑን የሚያመዛዝነው ክብደት) ጎን ይከብዳል፤ ገመዱ በዚያ በኩል ይበልጥ ተለጥጦ በካቢኑ በኩል ይላላል። ፑሊው ላይ ሲያልፍ በዚህ ልዩነት መጠን በጥቂቱ ወደ ከባዱ ጎን ይሾልካል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በግማሽ ጭነት (315 ኪሎ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ተጭኖ) ስህተቱ ወደ ዜሮ ቀረበ፣ ሙሉ ጭነት ሲሆን አቅጣጫው ተገለበጠ። በሽቦ፣ በሺልድም ሆነ በተሻለ ኢንኮደር አይጠፋም። ሞተር ላይ ያለ ኢንኮደር የሚለካው የፑሊውን መዞር እንጂ የካቢኑን ቦታ አይደለም። ስለዚህ በየፎቁ መታረም አለበት።

ሳምንት 4፦ የፎቅ ኮድ

ዓላማው መብራት ሲመለስ ካቢኑ ፎቅ ላይ ከቆመ ምንም ሳይንቀሳቀስ የትኛው ፎቅ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ሦስት ሪድ ሱዊች ነበር። ሦስት ቢት (1 ማግኔት አለ፣ 0 የለም) ስምንት ኮድ ይሰጣል፤ 000 እና 111 ለስህተት ተትተው ከ001 እስከ 110 ያሉት ስድስቱ ለስድስት ፎቅ በልካቸው ሆኑ። በወረቀት ላይ ያምራል።

ችግሩ የመጣው ከብርድ ጋር ነው። ለሙከራ ማግኔቶቹ ባለ ሁለት ፊት ናስትሮ ተለጥፈው ነበር። ሌሊቱን ሙጫው ደርቆ 3ኛ ፎቅ (011) ላይ አንዱ ወደቀ። የቀረው 001 ሆነ፤ እሱ ደግሞ የአንደኛ ፎቅ ኮድ ነው። ሲስተሙ ምንም ስህተት ሳያሳይ በሙሉ እርግጠኝነት አንደኛ ፎቅ ነኝ አለ። አንድ ዕቃ ሲበላሽ ወደ ሌላ ትክክለኛ መልስ የሚወስድ ኮድ ለሊፍት አይሆንም።

አራተኛ ሪድ ሱዊች ተጨመረ። ደንቡ፦ በየፎቁ ከአራቱ ቦታዎች በትክክል ሁለቱ ላይ ብቻ ማግኔት ይኖራል። ከአራት ሁለት የመምረጫ መንገዱ ስድስት ነው፤ ለስድስት ፎቅ በትክክል በቃ።

ምድር 0011፣ 1ኛ 0101፣ 2ኛ 0110፣ 3ኛ 1001፣ 4ኛ 1010፣ 5ኛ 1100።

አንድ ማግኔት ቢወድቅ ወይም አንድ ሽቦ ቢበጠስ አንድ ብቻ ይነበባል። አንድ ሱዊች ተጣብቆ ቢቀር ሦስት ይነበባል። ሁለቱም ከሁለት የተለዩ ስለሆኑ ፒኤልሲው ኮዱን ይጥለዋል። አንዱ ጠፍቶ ሌላው ተጨምሮ ከተገኘ ግን ያልፋል፤ ያንን የሚይዘው የኢንኮደሩ ቆጠራ ነው፤ ኮዱ ከቆጠራው በ100 ሚሜ ከተለየ አይታመንም።

አገጣጠሙ፦ ሪዶቹ መጀመሪያ በ30 ሚሜ ተራርቀው ተሰለፉ። የአንዱ ማግኔት ጎረቤቱን ሱዊች እየዘጋ ሦስት ይነበብ ጀመር። 60 ሚሜ ሲሆን ጸዳ። ማግኔቱን በቀጥታ ብረት ላይ ማሰር አያዋጣም፤ ብረቱ ኃይሉን ወደ ራሱ ስለሚወስድ የሚደርስበት ርቀት ያጥራል። 30 ሚሜ ስፋት ያለው አሉሚኒየም ተቆርጦ ብራኬቱ ላይ በቡሎን ታሰረ፤ ማግኔቶቹም አሉሚኒየሙ ላይ በናስ ቡሎንና ሮንደላ። ክፍተቱ 12 ሚሜ። ናስትሮ የለም።

ንባቡ የሚወሰደው ካቢኑ በር ዞን (በሩ ሊከፈት የሚችልበት ክልል) ውስጥ ሲሆንና አራቱም ምልክቶች 20 ሚሊሰከንድ ሳይለወጡ ሲቆዩ ብቻ ነው። ሪድ ሲዘጋ ለአንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይነጥራል፤ አራቱም እኩል አይዘጉም።

ሳምንት 5፦ ለማቆሚያ የሚሆነው ምልክት

ሪድ ሱዊች ለማቆም አይመቸም። የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቦታ ይለያያል፤ በለካነው ከ10 ሚሜ በላይ። ከላይ የመጣና ከታች የመጣ ካቢን እኩል አይቆሙም። የኢኤን 81-20 መስፈርት ሊፍት ሲቆም ከወለሉ በ10 ሚሜ ውስጥ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ለማቆሚያ ሁለት የዩ ቅርጽ ያላቸው የብርሃን ሴንሰሮች (24 ቮልት፣ ክፍተታቸው 30 ሚሜ) ካቢኑ ላይ፣ በየፎቁ ደግሞ ከላሜራ የተቆረጠ ቬን።

የቬኑ ርዝመት 250 ሚሜ፣ የሁለቱ ሴንሰሮች ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 230 ሚሜ። ካቢኑ በትክክል ወለል ላይ ሲሆን ቬኑ ሁለቱንም በየጫፉ በ10 ሚሜ አልፎ ይሸፍናል። ስለዚህ ሁለቱም የተሸፈኑበት ክልል ላይና ታች 10 ሚሜ ነው። አንዱ ብቻ ከተሸፈነ ካቢኑ ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል፤ የቱ እንደሆነም ይታወቃል። ርቀቱን 240 ማድረግ ክልሉን ወደ 5 ሚሜ ያጠበዋል፤ ተሞክሮ ካቢኑ ወለል ላይ ሆኖ ሲጫንና ሲወርድ ገመዱ በሚለጠጠው ብቻ ምልክቱ እየጠፋ አስቸገረ። 230 ላይ ጸንቷል።

ላሜራው 1.5 ሚሜ፣ ጥቁር ማት ቀለም የተቀባ። ያልተቀባ ላሜራ ብርሃን ያንጸባርቃል። እያንዳንዱ ቬን በቱንቢ ተስተካክሎ ብራኬቱ ላይ ረጅም ቀዳዳ ተበጅቶለታል፤ ወደ ላይና ወደ ታች 20 ሚሜ መንቀሳቀስ እንዲችል። ይህ ቀዳዳ ባይኖር ማስተካከያው በመዶሻ ይሆን ነበር።

ሴንሰር ሲገዙ ኤንፒኤን (ወደ 0 ቮልት የሚያገናኝ) ወይም ፒኤንፒ (ወደ 24 ቮልት የሚያገናኝ) መሆኑን ከፒኤልሲው ኢንፑት ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። መጀመሪያ የመጡት ኤንፒኤን ነበሩ። የፒኤልሲው ኢንፑት ኮመን ወደ 24 ቮልት ሊዞር ስለቻለ ችግሩ ተፈታ፤ ሁሉም ግን ይህን አይፈቅድም።

ቬን ሲገባ ውጤቱ እንዲበራ ተመረጠ። ሽቦ ቢበጠስ «ፎቅ የለም» ይባላል፤ ካቢኑ አላስፈላጊ ቦታ ላይ አያቆምም። ይህ ምርጫ ሌላ ቀዳዳ ከፍቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ታየ።

ሳምንት 6፦ የማለዳው ችግር

ለሙከራ በቀን ሲሠራ ሁሉም ደህና ነበር። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ጥበቃው «ዛሬም ቆሟል» ይላል። 3 ሰዓት ላይ ሲታይ ጤነኛ ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ፀሐይ ነው፤ የጉድጓዱ የላይኛው አየር ማስገቢያ ወደ ምሥራቅ ያያል። የፀሐይ ብርሃን ኢንፍራሬድ ተቀባዩን ሊያደናግር ይችላል። ግን ፀሐይ ከሆነ 5ኛ ፎቅ ላይ ብቻ መሆን ነበረበት፤ የስህተት መዝገቡ ደግሞ ምድር ቤት እያለ ካቢኑ ገና ሳይነሳ የጀመረ መሆኑን አሳየ።

ማለዳ ሄደን ሽፋኑን ስናነሳ የሁለቱም ሴንሰሮች ፊት ላብ የያዘ መስታወት ይመስላል። ጤዛ ነው። ሌሊት ላይ ካቢኑ ምድር ቤት ይቆማል፤ ብርዱ ፒት ውስጥ ይተኛል። ማለዳ ሎቢው በሙቅ ውኃ ሲወለወል እርጥቡ አየር በበሩ ስር ገብቶ ቀዝቃዛው ሌንስ ላይ ያርፋል። ኃይል ለመቆጠብ ኮንትሮለሩ ሌሊት የሴንሰሮቹን 24 ቮልት ስለሚያቋርጥ ሴንሰሩ የራሱ ትንሽ ሙቀት እንኳ የለውም።

ጤዛው ብርሃኑን ሲከለክል ሴንሰሩ «ቬን አለ» ይላል። የሽቦ መበጠስ ወደ ደህናው ወገን ይወድቃል፤ የሌንስ መጋረድ ግን ወደ መጥፎው። አንድ ዓይነት ሴንሰር ብቻ ይዞ በሁለቱም በኩል መጠበቅ አይቻልም። የተደረገው፦

በር ዞኑ ወደ ማግኔት ተለወጠ። በየፎቁ 200 ሚሜ ርዝመት ያለው የማግኔት ስትሪፕ፣ ካቢኑ ላይ ለብቻው አንድ ሪድ። ፎቅ ላይ ነን የሚባለው ሁለቱ የብርሃን ሴንሰሮች እና የበር ዞኑ ሪድ ሦስቱም ሲስማሙ ብቻ ነው። ጤዛ ማግኔትን አይጋርድም፤ የወደቀ ማግኔትም ብርሃንን አያቋርጥም። አሠራራቸው የተለያየ ስለሆነ በአንድ ምክንያት አብረው አይሳሳቱም።

ካቢኑ እየሄደ አንዱ የብርሃን ሴንሰር በኢንኮደር ቆጠራ ከ400 ሚሜ በላይ ተሸፍኖ ከቆየ ስህተት ይመዘገባል። ቬኑ 250 ሚሜ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሸፍነው ቆሻሻ ወይም ጤዛ ብቻ ነው።

24 ቮልቱ ሌሊትም አይቋረጥም። የሌሊት ማቆሚያው ወደ 3ኛ ፎቅ ተዛወረ። ሴንሰሮቹ ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ ትንሽ ጥላ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የማለዳ ስህተት የለም፤ ውርጩ በጠናበት ሰሞንም።

በር ተከፍቶ ካቢኑን ማስተካከል (ሪሌቨሊንግ) አልተሠራም። እሱ የበር ቁልፍን የሚያልፍ የሴፍቲ ሰርኪዩት ይፈልጋል፤ በፒኤልሲ ፕሮግራም የሚደረግ አይደለም።

ሳምንት 7፦ ጫፎቹ

በየጫፉ ሦስት ሱዊች አለ፤ ሁሉም ኖርማሊ ክሎዝድ (ካልተነኩ ዝግ)፣ ሮለር ያላቸው። ማዘግያው ከመጨረሻው ወለል 1.3 ሜትር ቀድሞ፣ የአቅጣጫ ሊሚቱ ወለሉን በ50 ሚሜ አልፎ፣ ፋይናሉ በ150 ሚሜ አልፎ። ታች ከወለል እስከ ባፈር (ካቢኑን ከታች የሚቀበለው ማለዘቢያ) ያለው ክፍተት 250 ሚሜ ነው፤ ፋይናሉ ካቢኑ ባፈር ከመንካቱ በፊት መቁረጥና ባፈሩ ተጨምቆም ሳለ እንደተቆረጠ መቆየት አለበት።

የ1.3 ሜትሩ ልክ ይህ ነው። ካቢኑ በሙሉ ፍጥነት እያለ በ0.9 ሜትር በሰከንድ ካሬ ቢያዝ 0.56 ሜትር ይበቃዋል፤ የቀረው መጠባበቂያ ነው። የተለመደው ምቹ ማዘግየት ግን 1.5 ሜትር ገደማ ስለሚወስድ ካቢኑ ሱዊቹ ጋ ሲደርስ ማዘግየት ጀምሯል፤ ፍጥነቱ ገና ብዙ አልወረደም። ስለዚህ ሱዊቹ ጋ ፍጥነትን ማየት ብዙ አይነግርም። የሚታየው ቆጠራው ነው፤ ከተማረው ቦታ በ50 ሚሜ ከተለየ ወዲያው በኃይል ያዘገያል።

እዚህ ያለው ትልቁ ግኝት የካሙ (የሱዊቾቹን ሮለር የሚገፋው ብረት) ርዝመት ነው። ካቢኑ ላይ የነበረው ካም 1.2 ሜትር። የታችኛው ማዘግያ በ1.3 ሜትር ይነካል፤ ካቢኑ ወለል ሊደርስ 100 ሚሜ ሲቀረው ሮለሩ ከካሙ መጨረሻ ወጥቶ ይመለሳል። ካቢኑ ምድር ቤት ቆሞ ሳለ ሱዊቹ «ጫፍ ላይ አይደለሁም» ይላል። መብራት ሲመለስ ኮንትሮለሩ ጫፍ ፍለጋ ወደ ታች ይነዳና ሊሚቱን ይመታል። ከነባሩ ቅሬታ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

የሚያስፈልገው፦ 1.3 ሜትር፣ ሲደመር 0.25 እስከ ባፈር፣ ሲደመር ባፈሩ የሚጨመቀው 0.1 ገደማ፤ 1.65። በ1.8 ሜትር ተሠራ። የተጨመረው 600 ሚሜ በላይኛው ጫፍ ብቻ ነው፤ የታቹ ሱዊቾች ቦታ አልተነካም፣ የላይኞቹ ሦስቱ ግን በ600 ሚሜ ከፍ ማለት ነበረባቸው። ከመበየዱ በፊት ላይ ለብራኬቱ ቦታ መኖሩ ተለካ። የካሙ ሁለት ጫፎች በቀስታ የተጋደሙ መሆን አለባቸው፤ ቀጥ ያለ ጫፍ በ1 ሜትር በሰከንድ ሮለሩን ይሰብራል። ቀጥነቱ በቱንቢ ሲለካ በ1.8 ሜትሩ ውስጥ 2 ሚሜ ብቻ ይዛባል።

የዚህ ሳምንት ሥራ ሁሉ ካቢን ላይና ፒት ውስጥ ነው። የፒት ስቶፕ ተጭኖ፣ ኢንስፔክሽን በርቶ፣ ሁለት ሰው ሆኖ። የሱዊች ማስተካከያ በሌላ መንገድ አይሞከርም።

ሳምንት 8፦ መማሪያ ጉዞ እና የመብራት ፈተና

መማሪያው፦ ካቢኑ ከታችኛው ማዘግያ ተነስቶ በ0.25 ሜትር በሰከንድ እስከ ላይ ይሄዳል። ፒኤልሲው የእያንዳንዱን ቬን ሁለት ጠርዝ በኢንተራፕት ኢንፑት (ፕሮግራሙ እስኪዞር የማይጠብቅ) ይይዛል፤ መሐላቸው የወለሉ ቆጠራ ነው። ተራ ኢንፑት ከሆነ በ10 ሚሊሰከንድ መዘግየት በሙሉ ፍጥነት ላይ 10 ሚሜ ይስታል። በመደበኛ ጉዞም ካቢኑ ባቆመ ቁጥር ቆጠራው በቬኑ ጠርዝ ይታረማል፤ የክሪፑ 4 ሚሜ አይጠራቀምም።

መብራት መጥፋት፦ ኢንኮደሩ ኃይል የሚያገኘው ከኢንቨርተሩ ነው። መብራት ሲሄድ ብሬኩ እስኪይዝ ካቢኑ ጥቂት ይንሸራተታል፤ ያንን የሚቆጥር የለም። ለፒኤልሲው ባትሪ ማድረግ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ሕጉ፦ ኃይል ከተቋረጠ የቆየው ቆጠራ አይታመንም። መብራት ሲመለስ ሦስቱ የፎቅ ምልክቶች ከተስማሙና ኮዱ ሁለት ማግኔት ካሳየ፣ ቦታው ወዲያው ታወቀ። በፎቆች መካከል ከሆነ በ0.25 ሜትር በሰከንድ ወደ ታች ሄዶ ቀጣዩን ኮድ ያነባል። የታችኛው ማዘግያ ተጭኖ ኮድ ከሌለ ወደ ላይ ይሄዳል። ረጅሙ የፎቅ ርቀት 4.0 ሜትር ስለሆነ ቢበዛ 16 ሰከንድ ነው። ሁልጊዜ እስከ ታች መውረድ ቢሆን ከላይ 67 ሰከንድ ይወስድ ነበር፤ ውስጥ ላለ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ዋናው ማብሪያ በተለያየ ቦታ ተቋርጦ ተፈተነ፦ ወለል ላይ፣ በመካከል፣ በሙሉ ፍጥነት፣ ማዘግየት ሲጀምር፣ በባዶና በሙሉ ጭነት። ከዚያ ሆን ተብሎ አንድ ማግኔት ተነቀለ፣ አንድ የብርሃን ሴንሰር በናስትሮ ተሸፈነ፣ የአንድ ሪድ ሽቦ ተፈታ። ሦስቱንም ለይቶ አሳውቋል፤ በአንዱም የተሳሳተ ፎቅ ላይ በር አልከፈተም።

ወጪ

ከጠቅላላው የዕቃ ወጪ ግማሽ ያህሉ ፒኤልሲው ነው፤ ሃይ ስፒድ ካውንተርና ኢንተራፕት ስለተፈለገ ርካሹ አልሆነም። ቀጥሎ ሁለቱ ዩ ሴንሰሮች፣ ቀጥሎ የሺልድ ኬብሉ። አምስቱ ሪዶችና ማግኔቶቹ ተደምረው የአንድ ዩ ሴንሰር ዋጋ አይሞሉም። ላሜራ፣ አሉሚኒየምና ብየዳ እዚሁ ደብረ ብርሃን ተሠሩ፤ ሴንሰርና ፒኤልሲ ከአዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ አንድ ዩ ሴንሰር እና ሁለት ሪድ መለዋወጫ ማሽን ሩም ውስጥ ተቀምጧል።

በነገራችን ላይ ኢንቨርተር የሚቀይር ሰው ከፍታውን ያስላ። ብዙዎቹ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ አቅም እንዲቀነስ ይጽፋሉ፤ እዚህ 18 በመቶ ይሆናል። ለሞተሩ ልክ የሆነ ኢንቨርተር እዚህ ያንሳል።

የቀረ

የገመዱ ርዝመት ከተስተካከለ መማሪያ ጉዞው መደገም አለበት። የሌንስ ማጽዳትና የማግኔት ክፍተት መለካት በየወሩ የቅባት ሥራ ላይ ተጨምሯል፤ ክፍተቱ ከ8 ሚሜ ካነሰ መጀመሪያ የሚታየው የሹው ፕላስቲክ ነው። የኮዱ ዝርዝር በወፍራም ቀለም ተጽፎ ኮንትሮለሩ በር ላይ ከውስጥ ተለጥፏል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ የቱ ማግኔት የት መሆን እንዳለበት ከፕሮግራም ሳይፈልግ እንዲያገኘው።